የኒሞሲስቲስ የዘር ሐረግና ለሕክምናችን ያለው ትርጉም

በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሕሙማንን ለከባድ የሳንባ ምች የሚዳርገውን ኒሞሲስቲስ የማያውቅ የጤና ባለሙያ አይኖርም። ይሁን እንጂ ተሕዋሲው ፕሮቶዞዋ ነው ወይስ ፈንገስ ተብለን ብንጠየቅ የምናመነታ ጥቂቶች አይደለንም።

ካርሎስ ሻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲመለከተው የትራይፓኖሶም አንዱ የዕድገት ደረጃ መስሎት ነበር። በ1912 ራሱን የቻለ ተሕዋሲ መሆኑ ቢታወቅም ከፕሮቶዞዋ ወገን እንደተቆጠረ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቅርጹ፣ በተለመደው የፈንገስ ማሳደጊያ አለማደጉና እንደ ፔንታሚዲን ባሉ ፀረ-ፕሮቶዞዋ መድኃኒቶች መጠቃቱ ይህን አመለካከት አጠናክረውት ነበር።

ነገር ግን መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም። የሌሊት ወፍና ወፍ ሁለቱም ክንፍ አላቸው፤ ክንፉን ግን ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት አልወረሱትም። ጀርመናዊው ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ዝምድናን የሚያረጋግጠው በአንድ ቅድመ አያት ላይ በአዲስ መልክ ተከስቶ ለዘሮቹ የተላለፈ ባሕርይ ነው። እውነተኛ ምድብ የሚባለውም አንድን ቅድመ አያት ከነዘሮቹ ሁሉ የሚያጠቃልል ነው። ቅርጻቸው ብዙ ለማይነግረን ጥቃቅን ተሕዋስያን ደግሞ ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ የራይቦሶምን አር.ኤን.ኤ. ለማነጻጸሪያነት ተጠቀሙ። ይህ ሞለኪዩል በሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ስለሚገኝና አዝጋሚ ለውጥ ስለሚያሳይ የረጅም ዘመን የዘር ሐረግን ለመከተል ያስችላል።

ኒሞሲስቲስ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲመረመር ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በሰው ላይ የሚገኘው ዝርያ በአይጥ ላይ ከሚገኘው የተለየ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህም የሰውየው ኒሞሲስቲስ ጂሮቬሲ ሲባል፣ ካሪኒ የሚለው የቀድሞ ስም ለአይጡ ቀርቷል።

ታዲያ ፈንገስ ከሆነ በፀረ-ፈንገስ መድኃኒት አይታከምምን? ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። አምፎቴሪሲን ቢ እና እንደ ፍሉኮናዞል ያሉት መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት ኤርጎስቴሮል በተባለው የፈንገስ ሽፋን ቅባት ላይ ነው። ኒሞሲስቲስ ግን በሽፋኑ ውስጥ በዋናነት ያለው ኮሌስቴሮል በመሆኑ መድኃኒቶቹ አይበግሩትም። ኮትሪሞክሳዞል ግን ተሕዋሲው ፎሌት የሚያዘጋጅበትን ሂደት ስለሚያግድ ለሕክምናም ሆነ ለመከላከያ ቀዳሚው ምርጫ ነው።

ስለሆነም የዘር ሐረግ ስለ አንድ ተሕዋሲ ምን መጠበቅ እንዳለብን ይጠቁመናል እንጂ የመድኃኒት ማዘዣ አይሆንም። ለአፍ ካንዲዳ ፍሉኮናዞል የሚወስድ ታካሚ ከኒሞሲስቲስ ተጠብቋል ብሎ ኮትሪሞክሳዞሉን ማቋረጥ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስሕተት ነው።