ከተማዋን በነሐሴ እዩአት

አክስቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አዲስ አበባ ሰልችታቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን «ጉልበቴን ብርድ ጨረሰው፤ ሞቅ ያለች ትንሽ ከተማ ፈልጉልኝ» አሉ። ወዲያው ሦስት ስም ተነሣ፦ ቢሾፍቱ፣ መተሐራ፣ ደብረ ብርሃን። ደብረ ብርሃንን ያነሣነው ዘመድ ስላለን ነው እንጂ ለጉልበታቸውስ አትሆንም። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት የቤት ኪራይ ሳይሆን ከፍታ ነው። በእኛ አገር የአየር ጠባይን ከሁሉ በላይ የሚወስነው እሱ ነው፤ አያቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉትም በዚሁ ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ግድም ይወርዳል ብለን እናስላ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና የዓመት አማካይ ሙቀቷ ወደ 16 ዲግሪ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ስላለች 3 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ናት፤ አማካይዋ ወደ 25 ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ስለምትወጣ ወደ 13 ትወርዳለች።

አማካይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐይዋ ደስ ትላለች፤ ሌሊት ግን ውርጭ አለ። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የሚይዝላት ደመና የለም። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውኃ ቁልቁል እየፈሰሰ ረባዳው ላይ ይተኛል። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ጉብታው ላይ ያለው ጎመን ሲተርፍ ታች ያለው የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ሙቀቱም የራሱ ዕዳ አለው፤ ወባ። ድሮ ከ2,000 ሜትር በታች ከሆነ አጎበር ያዝ ይባል ነበር፤ ቢሾፍቱም ከዚያ በታች ናት። አሁን ደግሞ ረግረግ የማያስፈልጋት፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ መጥታለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው እሷ ናት። ስለዚህ ቤት ስናይ የሮቶው ክዳን በደንብ ይገጥም እንደሆነ ማየት ከመስኮቱ ስፋት አይተናነስም።

ስለ መዝናኛው ብዙ አልተከራከርንም። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ማክሰኞ ቀን፣ በእግር፣ ምንም ሳይገዙ የሚደረስበት ቦታ አለ? ቢሾፍቱ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እየተባለ የሚቆጠር ሐይቅ አላት፤ ነገር ግን ዳርቻው አብዛኛው በሆቴል ተይዟል። ለሁለት ቀን እንግዳ ይህ ችግር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ለሚኖር ጡረተኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። አክስቴ የሚፈልጉት ጥላ ያለው ሜዳማ መንገድና ሲደክማቸው አረፍ የሚሉበት ድንጋይ ነው።

ከዚያ «ሐይቁን ማን ቆፈረው?» ብለው ጠየቁኝ። ሙሉ ጉዳዩ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። አብዛኞቹን የቢሾፍቱ ሐይቆች የቆፈረው ፍንዳታ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ገነጠለው፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ገደሉ ቀጥ ያለው፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚያልፈው ለዚህ ነው። ፍንዳታው የድሮ ነው፤ ከተማዋ ግን ዛሬም ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። ሐይቅና ፍል ውኃ የሰጠን መሬት፣ መንቀጥቀጥንም የሚያመጣው እሱው ነው፤ አንዱን ወዶ ሌላውን አላየሁም ማለት አይቻልም።

መተሐራን ከወረቀቱ ያስወጣት ይኸው ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከርሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቋል፤ የካቲት 7 የደረሰው መንቀጥቀጥ በመጠኑ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። የበሰቃ ሐይቅም አለ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገድና ሐዲድ ገፍቷል።

መንቀጥቀጥን ማስቀረት አይቻልም፤ ቤትን መምረጥ ግን ይቻላል። ብሎኬት በብሎኬት ላይ ተደርድሮ ኮለንና ቶፕ ታይ ቢም ከሌለው፣ ግድግዳው ሲወዛወዝ የሚያያይዘው ነገር የለም። ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ ሆኖ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ፎቅም ያሠጋኛል፤ የላዩን ክብደት የሚሸከሙት ቀጫጭን ምሰሶዎች ብቻ ናቸውና። በደንብ የተማገረ የጭቃ ቤት ቆርቆሮ ክዳኑ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታገሣል።

ጎርፍ ግን ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። ድሬዳዋን አስቡ። የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይሸጥበታል። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ከሐረርጌ ተራሮች ነው፤ ከተማው ውስጥ ብዙም ሳይዘንብ ውኃው ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ሲታይ መጠየቅ ያለበት «ውኃ አለ ወይ?» ሳይሆን «ውኃው ከየት ይመጣል?» ነው። ምልክቱም ቅርብ ነው፦ ግራሩ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የደለል መስመር፣ ከመንገዱ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የጎረቤት ደፍ።

ቢሾፍቱ የሄድነው ነሐሴ ውስጥ ነው፤ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። በጥር ሁሉም ከተማ ያምራል። ደላላው ያሳዩን የመጀመሪያው ቤት ሰፊ ግቢ፣ የማንጎ ዛፍ፣ ንጹሕ ሸክላ ወለል ነበረው። አክስቴ ወደዱት። «ውኃ አይገባም ወይ?» ስላቸው ደላላው «በፍጹም» አሉ። አጠገቡ በር ላይ በቆሎ የሚፈለፍሉ ሴት ነበሩ፤ አክስቴ ሰላምታ ሰጥተው ያንኑ ጠየቁ። ሴትዮዋ መልስ ሳይሰጡ ተነሥተው ወደ ብረት በራቸው ሄዱና ዝገቱ የሚጀምርበትን መስመር በእጃቸው ነኩ። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል።

«አምና ነው» አሉ።

የተከራየነው ከዚያ ወደ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። ግቢው ትንሽ ነው፤ ማንጎም የለውም። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ አክስቴ አንድ ክረምት ሙሉ ሳያዩ ሊገዙ አልፈለጉም።