መኪና ለሳምንታት ሲቆም ባትሪው እንዳይሞት፦ ሶኬት በማይደርስበት ቦታ ምን ይደረግ?

በጀጎል ግንብ ውስጥ ከጊደር መጋላ ወደየሰፈሩ የሚያስገቡት መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ እንጂ ለመኪና የተሠሩ አይደሉም። በመሆኑም የብዙ ነዋሪ መኪና የሚያድረው ከቤቱ ርቆ ነው፤ ከቤት የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ አይደርስበትም። በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጥያራ ገጠር ደግሞ የአርሶ አደሩ ትራክተር ወይም የጭነት መኪና መብራት በሌለበት ማሳ ዳር ከአንዱ የሥራ ወቅት እስከ ሌላው ሊቆም ይችላል። ሌሊት ሕመምተኛ ለማድረስ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ዝም ቢል ጉዳቱ ከባትሪ ዋጋ በላይ ነው።

በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው ባትሪ እርሳስና አሲድ የያዘ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ሙሉ ሲሆን ቴስተር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ቮልት ሲሆን ግማሽ ያህሉ አልቋል። ባትሪውን የሚገድለው መቆሙ ብቻ ሳይሆን ኃይሉ ወርዶ መቆየቱ ነው። ኃይሉ ሲወርድ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የተባለ ነገር ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟል፤ ለሳምንታት ከተተወ ግን ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ባትሪው የቀድሞ አቅሙን አያገኝም።

ኃይሉ የሚወርደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የባትሪው የራሱ ብክነት ሲሆን ይህ አነስተኛ ነው፤ ጤናማ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወር 3 አምፔር ሰዓት ገደማ ያጣል። ሙቀት ስለሚያባብሰው በኤረር ቆላ የቆመ ባትሪ ሐረር ከተማ ከቆመው ይልቅ ፈጥኖ ይደክማል። ሁለተኛው መኪናው ጠፍቶም የሚሠሩት አላርም፣ ሰዓትና የኮምፒዩተር ክፍሎች የሚወስዱት ነው። እነዚህ በድምሩ 50 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ከባትሪው ግማሽ በላይ ማለት ነው። በሐረር ጎዳናዎች የሚታወቁት አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ይህን መሰል ዕቃ ይዘው አልተሠሩም፤ በዚህ ረገድ ከአዲሶቹ መኪኖች የተሻሉ ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ቢሆኑ ከዋናው ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዳላቸው አይርሱ፤ እርሱ ከሞተ መኪናው አይነሳም። አያያዙ ግን እንደ ፋብሪካው መመሪያ ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው መፍትሔው አንድ የብሎን መፍቻ ነው። መኪናው ከመቆሙ በፊት ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋግጦ የኔጋቲቩን ገመድ መፍታት ይበቃል። ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ቀድሞ ይፈታል፤ ሲታሰርም መጨረሻ ይታሰራል። ይህ ከሆነ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይፈጠርም። በዚህ መልክ የቆመ ባትሪ ለሁለት ወር ያህል አያሳስብም። ከዚያ ተለክቶ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ ባትሪ ቻርጅ ወደሚደረግበት ጋራዥ ሳይዘቀዘቅ ይወሰድ። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ባትሪ ኃይሉ ይወጣል የሚባለው ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ባትሪዎች እውነት አይደለም።

በየሳምንቱ ሞተር አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው፤ ነዳጁም ይባክናል። ከተቻለ መኪናውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንዳት ይሻላል።

አላርሙ መሥራት ካለበት ወይም መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ አነስተኛ ሶላር ይረዳል። ለ12 ቮልት የተሠራ ባለ 10 ዋት ሶላር ፀሐይ ባለበት ቀን ከ2 እስከ 3 አምፔር ሰዓት ሊመልስ ይችላል፤ ከላይ የተጠቀሰው አላርም በቀን የሚወስደው ደግሞ 1.2 ብቻ ነው። በደመናማው ክረምት ግን የሚሰጠው በእጅጉ ይቀንሳል። በሶላሩና በባትሪው መካከል ቻርጅ ኮንትሮለር መግባት አለበት፤ ያለ እርሱ ባትሪው ከልክ በላይ ሊሞላ፣ ሌሊትም ኃይሉ ወደ ሶላሩ ሊመለስ ይችላል። ኮንትሮለሩ መጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከሶላሩ ጋር ይያያዛል። ለስልክና ለትንንሽ ፋኖስ የሚሸጡት ባለ 5 ወይም ባለ 6 ቮልት ሶላሮች ለመኪና ባትሪ አይሆኑም፤ ቮልቴጃቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውሉም ምንም አያስገቡም።

ባትሪው ተፈትቶ ወደ ቤት ከገባ ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል አየር የሚተላለፍበት ይሁን። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ዕጣን በሚጨስበትና ከሰል በሚቀጣጠልበት ክፍል ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የጎደለው በባትሪ ውሃ እንጂ በአሲድ ወይም በቧንቧ ውሃ አይሞላ። አሲዱ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ዓይን ከሆነም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።