ዘረ-መል ብቻውን አይናገርም

በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራስል ዱሊትል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለ ካንሰር ያለንን ግንዛቤ የለወጠ ነገር አገኘ፤ ግኝቱ የመጣው ግን ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ አልነበረም። በእጁ የነበረው ከየሳይንስ መጽሔቱ እየለቀመ በኮምፒውተር ያጠራቀመው የፕሮቲኖች ቅደም ተከተል ነው። በጦጣ ላይ ካንሰር የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን አለ፤ በሌላ በኩል ሰው ሲቆስል ከደሙ ወጥቶ በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያዝ ፕሮቲን አለ። ዱሊትል ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስተያይ ከሞላ ጎደል አንድ ሆነው ተገኙ። ለካ ቫይረሱ ካንሰር የሚያመጣው አካላችን ራሱ ለዕድገት የሚጠቀምበትን ትእዛዝ ወስዶ ኖሯል። ለንደን የነበረ ሌላ ቡድንም በዚያው ሰሞን እዚያው ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ቅደም ተከተሎቹን ያወጧቸው የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደለው አንድ ላይ የሚያያቸው ዓይን ብቻ ነበር።

ባዮኢንፎርማቲክስ ማለት ይኸው ነው፤ ከሕያዋን የሚገኝን መረጃ በኮምፒውተር ማከማቸት፣ ማጥራትና ማነጻጸር። የዲኤንኤ ፊደላት አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። የሰው ሙሉ ቅደም ተከተል ግን ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይጠጋል፤ ማሽኑም ይህን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ የሚያወጣው ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጮቹን በጋራ ጫፋቸው እየገጣጠመ፣ ቀድሞ ከታወቀ ናሙና ጋር እያስተያየ የተለወጠውን ፊደል ነቅሶ የሚያወጣው ሶፍትዌር ነው። በ1990 የወጣው ብላስት ዛሬም የሙያው ሰዎች ከእጃቸው የማይለዩት ፕሮግራም ነው። የቀረበለትን ቅደም ተከተል ከመላው የመረጃ ቋት ጋር ፊደል በፊደል አያመሳክርም፤ መጀመሪያ አጫጭር ተመሳሳይ ቁራጮችን ይፈልጋል፤ ባገኘበት ቦታ ብቻ ግራና ቀኝ እያሰፋ ይሄዳል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ቢፈጥን ቋቱ ውስጥ የሌለውን አያገኝም፤ ስለዚህ በእኔ እይታ የሙያው ትልቁ ጥያቄ ቋቱ ውስጥ ማን ገብቷል፣ ማንስ ቀርቷል የሚለው ነው።

ለምን ቢሉ ጉበታችን ውስጥ ያለውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም እንመልከት። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው እሱ ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚለውጥ፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እሱን ሊጎዳው ይችላል። አውሮፓውያንን ብቻ የያዘ ቋት ግን ይህን ብርቅ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። እስከ 2019 ድረስ ዘረ-መልን ከበሽታ ጋር ባዛመዱ ሰፋፊ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ።

በኮምፒውተር ላይ መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። አንዱ ያለ ቦታው የሰየመውን ዘረ-መል ሌላው አይቶ ተመሳሳዩን በዚያው ስም ይጠራዋል፤ ስሕተቱም እንዲህ እየተዛመተ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ያስቃል። ማርች1 እና ሴፕት2 ይባሉ የነበሩ ዘረ-መሎች አሉ፤ ኤክሴል ስማቸውን የማርችና የሴፕቴምበር ቀን እያደረገ ይመዘግባቸው ነበር። በ2016 የወጣ ፍተሻ፣ በኤክሴል የዘረ-መል ዝርዝር አያይዘው ከታተሙ ጥናቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። በ2020 ሰያሚው ኮሚቴ ተሸንፎ የዘረ-መሎቹን ስም ቀየረ! ይህ ሁሉ ግን ቋቱ እንዲጠራ የሚያስገድድ እንጂ ንጽጽርን ከንቱ የሚያደርግ አይደለም። ንጽጽር የቤተ ሙከራው ሰው የት እንደሚቆፍር ይጠቁማል፤ መቆፈሩ የእሱ ሥራ ነው።

የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ቋቱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሀብታችንን ባዕድ አይወስደውም ወይ? ሥጋቱን የወለደው ጤፍ ነው። በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት የፈረመ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በኔዘርላንድ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራነት የለውም ብሎ እስኪሽረው ድረስ ቆየ። ልብ እንበል፤ ያ ፓተንት የተገኘው በዘርና በወረቀት ነው። የጤፍ ቅደም ተከተል የታተመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጸደይ ከተባለው ዝርያ በ2014፣ ዳቢ ከተባለው ደግሞ ይበልጥ ተሟልቶ በ2020። በ2025 ሥራ የጀመረው የካሊ ፈንድ፣ እንዲህ ባለ መረጃ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል፤ መዋጮው በውዴታ ስለሆነ ብዙ አልጠብቅበትም። ያው ክፍት ቅደም ተከተል ግን በነፋስና በዝናብ የማይጋደም አጭር ጤፍ ለሚፈልገው የደብረ ዘይት ተመራማሪም ክፍት ነው፤ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚቸገረው እሱ ነው።