ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት

በዲሴምበር 2023 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዕዳውን በሕግ ጥላ ሥር መልሶ ለማደራጀት ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አቀረበ። ወሬው በየጋራዡ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችን አስደነገጠ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነበር። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1973 የመሠረተው ይህ የኦሪገን ኩባንያ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚገጣጥሟቸው የብረታ ብረት አውሮፕላኖች ኪት ከሚሸጡት ሁሉ ትልቁ ነው። በእሱ ኪት ተሠርተው አየር ላይ የወጡት አውሮፕላኖች ከ11 ሺህ ይበልጣሉ። በግንቦት 2024 ፍርድ ቤቱ የማገገሚያ ዕቅዱን አጸደቀለትና ኩባንያው ሥራውን ቀጠለ፤ ደንበኞቹ ግን የኪት ዋጋ 30 በመቶ ገደማ ሲጨምር መቀበል ግድ ሆነባቸው።

ለችግሩ የተሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ የወረርሽኙ ዘመን የትእዛዝ ጎርፍ፣ የማጓጓዣ ዋጋ መናር፣ ኪቱ ከሚያስወጣው ወጪ በታች መሸጡ። እኔን የያዙኝ ግን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው፣ በከፊል ተገጣጥመው ከሚሸጡት ኪቶች አንዳንዶቹ ተገቢ ባልሆነ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ዝገት መከላከያ) ምክንያት ዝገት ታየባቸው። ሁለተኛው፣ በሌዘር የተቆረጡ ክፍሎች ቀዳዳቸው ላይ ስንጥቅ አወጡ። ሁለቱም ላሜራን ከላሜራ ከሚያያዘው ምስማር፣ ከሪቬቱ፣ በፊት ያለውን፣ ማንም ፎቶ የማያነሳውን ሥራ የሚመለከቱ ናቸው። ቤት ውስጥ ስለሚሠራ አውሮፕላን ሲወራ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዳሽቦርዱ ስክሪን ብዙ ይባላል። ስለ ላሜራው ገጽ የሚባለው ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

ሌሎቹን ዘርፎች ባጭሩ ልለፋቸው። በእንጨትና በጨርቅ መሥራት ከሁሉም ያረጀው መንገድ ሲሆን ዛሬም ታማኝ ወዳጆች አሉት። ቱቦ ብረት በይዶ በጨርቅ የሚያለብሰው ወገን ኪትፎክስን የመሰሉ ቀላል አውሮፕላኖች ሰጥቶናል። ንድፍ አውጪው በርት ሩታን በ1975 ቫሪኢዚ የተባለውን አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ፎምና ፋይበርግላስ ነገሡ፤ ቅርጻቸው ያምራል፣ ሬዚኑንና የማያልቀውን የብርጭቆ ወረቀት ፍተጋ የሚወድ ይሞክራቸው። ሕጉም ቀላል ነው። የአሜሪካው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከሥራው የሚበዛው ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በተነሡ አማተሮች መሠራቱን ካረጋገጠ አውሮፕላኑን ‹‹ኤክስፐሪሜንታል›› ብሎ ይመዘግበዋል። ሰዎች ‹‹የ51 በመቶ ሕግ›› የሚሉት ይህንኑ ነው። ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 ሚልዋኪ ላይ የመሠረተው የአማተር ሠሪዎች ማኅበርም በየክረምቱ ኦሽኮሽ ከተማ ላይ ሕዝቡን ይሰበስባል። በ2014 የዜኒዝ፣ በ2018 ደግሞ የቫንስ ኪት እዚያው ሜዳ ላይ በአንድ ሳምንት ተገጣጥሞ አልቋል።

ወደ ብረታ ብረቱ እንግባ። አሉሚኒየም ንጹህ ሲሆን ዝገትን ይቋቋማል፤ አየር እንደነካው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ራሱን ይጠብቃል። ጉልበት ግን የለውም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ከ1906 ጀምሮ መዳብና ማግኒዚየም ጨምሮበት ጉልበት ሰጠው፤ ዱራሉሚን የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ 2024 የሚባለው ቅይጥ 4 በመቶ ያህል መዳብ አለበት። ጥንካሬውም የዝገት ተጋላጭነቱም የሚመጣው ከዚሁ መዳብ ነው። መፍትሔው በ1920ዎቹ ተገኘ፦ የ2024ን ላሜራ ከሁለቱም በኩል በንጹህ አሉሚኒየም ማልበስ። አልክላድ ይሉታል። ልብሱ ከጠንካራው ልብ ቀድሞ እየተበላ ይጠብቀዋል፤ ጫር ጫር ቢል እንኳ በዙሪያው ያለው ንጹህ አሉሚኒየም የተገለጠውን ቦታ ይከላከልለታል።

የቫንስ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ከዚህ አልክላድ ይሠራሉ። ዜኒዝና ሶኔክስ የተባሉት ኪት ሠሪዎች 6061 የሚባለውን ቅይጥ መርጠዋል፤ ጉልበቱ ትንሽ ቢያንስም መዳቡ በጣም ጥቂት ስለሆነ ያለ ልብስም ደህና ይቋቋማል። ዜኒዝ ሪቬቱንም አቅልሎታል፤ ከአንድ ወገን ሆኖ በመሳቢያ የሚጎተት ሪቬት ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል። በአብዛኞቹ የቫንስ አውሮፕላኖች ላይ ድፍን ሪቬት በአየር መዶሻ ይመታል፣ ከጀርባው ድፍን ብረት ተይዞለት ይዳመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይጠይቃል።

የሥራውን ይዘት ለማየት አንዲት የክንፍ አጥንት እንከተል። ከካርቶን ስትወጣ ጠርዟ ከፋብሪካው መቁረጫ የቀረ ስለት አለባት፤ ጣት ይቆርጣል፣ ከጣቱ የሚብሰው ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ጭረት መሆኑ ነው። ስለዚህ ዙሪያዋ በሊማ፣ ከዚያም ማሩን ስኮችብራይት በተባለው መፈተጊያ ይለሰልሳል። ከላሜራው ጋር በጊዜያዊ መያዣ ትያዝና ቀዳዳዎቿ በትራፓኖ ልካቸው ይወጣል። እንደገና ትፈታለች፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ፑንታው የተወው ፍርፋሪ በእጅ ይነሣል። የሪቬቱ ራስ ከገጹ እኩል እንዲተኛ ቀዳዳዎቹ በ100 ዲግሪ ቅርጽ ይጎደጎዳሉ። ከዚህ በኋላ ገጿ ይፈተጋል፣ በአሟሚ ፈሳሽ ይታጠባል፣ ፕራይመር ይነፋበታል፣ በመጨረሻም ሪቬት ይመታባታል። 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት በትክክል ከተመታ ጀርባው ወደ 4.8 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱም ወደ 1.6 ይወርዳል። ይህ በመለኪያ ይፈተሻል፤ በዓይን ግምት አይታለፍም።

የሌዘሩ ችግር የገባው በዚህ ሰንሰለት መካከል ነው። ሌዘር ቀዳዳውን ዞሮ ሲቆርጥ ጠርዙን ያግለዋል፤ በጀመረበትና በጨረሰበት ነጥብም ትንሽ ጉድፍ ይተዋል። ቀዳዳው ሲጎደጎድ ጠርዙ ይለጠጣል፤ ያቺ ጉድፍ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ኩባንያው ክፍሎቹን ፈትኖ የትኞቹ እንደሚተኩና የትኞቹ ሥራ ላይ እንደሚውሉ ዝርዝር አወጣ። ብዙ ሠሪዎች ምርመራውን ቢቀበሉም የተሰነጠቀ ቀዳዳ ያለበትን ክንፍ ለመዝጋት እጃቸው አልታዘዘም፤ ክፍሎቹን ቀየሩ። በበኩሌ ከእነሱ ጋር ነኝ። መሬት ላይ ሊቀየር የሚችል ክፍል እያለ አየር ላይ ስለ ስንጥቅ ማሰብ የለበትም ሰው።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር፦ ፕራይመር ይቀባ ወይስ አይቀባ? ቢቀባስ የትኛው? ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ ሲሠራ ያየ አንባቢ አንቲረስትን ያውቀዋል፤ ቁም ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ አውሮፕላን ላይ እያንዳንዱ ግራም የሚቆጠር መሆኑና የክንፍ ውስጥ ከተዘጋ በኋላ በቀላሉ የማይደረስበት መሆኑ ነው። አንዱ ወገን እያንዳንዱን ክፍል ከሁለት ፈሳሾች በሚቀላቀል ኤፖክሲ ያለብሳል። ሌላው ልብስ የሌላቸውን ክፍሎችና ሁለት ላሜራ የሚገናኝባቸውን ቦታዎች ብቻ ከጣሳ በሚነፋ፣ ገጹን ራሱ በአሲድ በሚነክስ ፕራይመር ይቀባል። ሦስተኛው ምንም አይቀባም። ሦስተኛው ወገን የሚጠራው ምስክር ጠንካራ ነው፤ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩ ብዙ ሴስናዎች ውስጣቸው ፕራይመር ሳይነካው ዛሬም ይበርራሉ።

ይህ ምስክር ግን የሚያሳየን የተረፉትን ብቻ ነው። በጨው አየር ዳር ውጭ ያደሩት፣ ተበልተው የተጣሉት አይቆጠሩም። አሪዞና ሃንጋር ውስጥ የሚያድርና ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ውጭ የሚያድር አውሮፕላን አንድ መልስ ሊኖራቸው አይችልም። ላሜራ በላሜራ ላይ የሚደራረብበት መጋጠሚያ እርጥበት ሲይዝ ምን እንደሚሆን በሚያዝያ 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አሳይቶናል። መጋጠሚያዎቹን ያያዘው ማጣበቂያ ለቅቆ፣ ዝገትና ድካም ተደምረው የጣሪያው ትልቅ ክፍል በአየር ላይ ተገነጠለ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። ያ በየቀኑ ደጋግሞ ተነሥቶ የሚያርፍ፣ በግፊት የሚነፋ ትልቅ አውሮፕላን ስለሆነ ከሁለት ሰው አውሮፕላን ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። መጋጠሚያ እርጥበት መያዙ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ስለዚህ መጋጠሚያዎችንና ልብስ የሌላቸውን ክፍሎች መቀባት ዝቅተኛው ግዴታ ነው እላለሁ፤ የቀረው በሚያድርበት አየር ይወሰናል።

የፕራይመሩን ዓይነት በተመለከተ አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ውስጣቸው ያ ቢጫ አረንጓዴ ቀለም የነበራቸው ከዚንክ ክሮሜት የተነሣ ነው። ክሮሜት ዝገትን በመከላከል የሚስተካከለው ለማግኘት እስከ ዛሬ ተቸግረዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። ልጆች በሚመላለሱበት የቤት ጋራዥ ውስጥ ይህንን መንፋትም ሆነ ደርቆ ሲፈተግ አቧራውን ማንሣት ተገቢ አይደለም። ክሮሜት የሌለባቸው ኤፖክሲዎችና በውኃ የሚቀጥኑ ፕራይመሮች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብልና አየር የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋሉ። የአቧራ ማስክ ትነትን አያቆምም።

ሰዎች በብራንድ ላይ ይህን ያህል ሲከራከሩ የሚያሳዝነኝ፣ ውጤቱን የሚወስነው ከዚያ በፊት ያለው ንጽሕና መሆኑ ነው። የጣት ቅባት ባለበት ገጽ ላይ የተነፋ ውድ ኤፖክሲ ከዓመታት በኋላ ይላጣል፤ በተላጠው ሥር የገባ እርጥበት ደግሞ ተደብቆ ይበላል። በከፊል ተገጣጥመው የመጡት ኪቶች ያስተማሩንም ፕራይመር መቀባቱ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የታጠበው ላሜራ ላይ ንጹህ ውኃ ይፈስሳል። ውኃው ሳይቋረጥ እንደ አንድ ሉህ ከወረደ ገጹ ንጹህ ነው፤ ነጠብጣብ ሆኖ ከተሰበሰበ ቅባት አለና እንደገና ይታጠባል። ፍተጋውም በልክ ይሁን። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው አልክላድ ላይ ልብሱ በአንድ ወገን 0.04 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በማሽን ጠንክሮ የፈተገ ሰው ጠባቂውን ራሱ ያነሣዋል። የብረት ሱፍም ፈጽሞ አይነካው፤ አሉሚኒየሙ ላይ ተሰክቶ የሚቀረው የብረት ብናኝ የዝገት መነሻ ይሆናል።

አሜሪካም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ይህንን ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ሙሉውን ኪት ከማዘዛችሁ በፊት የጭራውን ብቻ እዘዙ። ዋጋው ከሙሉው በጣም ያንሳል፣ ሥራው ግን ሁሉንም ዓይነት ይዟል። ፕራይመራችሁን በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሩት፤ አድርቁት፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ሳቡት፣ በጥፍር ፋቁት። ከላሜራው ከተነሣ ክንፉን አትጀምሩ። ክንፉ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የምታዩት በጥቂት የመፈተሻ ቀዳዳዎች በኩል ብቻ ነው።