ምሳ ጨለለቅቱ ላይ

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ጨለለቅቱ ይደርሳል። ለዕረፍት ወደ ጌዴኦ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ አስቦ የሚመጣው ትክል ድንጋዩንና ቡናውን ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አብዛኛው ሰው አዲስ አበባም የሚያገኘውን ጥብስ ወይም ፓስታ በስጎ ፍለጋ ወደ ትልቁ ሆቴል ያቀናል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ጌዴኦን ማወቅ የፈለገ ሰው መንገድ ዳር ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይግባና ቆጮ በጎመን ይዘዝ። አገሩ ምን እንደሚተክል፣ እንዴት እንደሚኖርና ማን እንደሚደክምለት የሚታየው እዚያ ትሪ ላይ ነው።

ቤቱና ወጉ

እንዲህ ያለው ምግብ ቤት ቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በር ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበርና ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ነው። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ይቆማል። ስሙን በሰሌዳ ያልጻፈ ቤት በባለቤቷ ስም ይጠራል። ባለቤቷ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ የምታበስለውም ሒሳብ የምትቀበለውም እሷው ናት፤ ልጇ ወይም የእህቷ ልጅ ታስተናግዳለች።

የታተመ ሜኑ የለም። እጅን ታጥቦ መቀመጥና «እናቴ፣ ዛሬ ምን አለ?» ማለት ነው። መልሱ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል፦ «ቆጮ በጎመን አለ፣ ቅቅል አለ፣ ሽሮ አለ፤ ቡላ ከፈለጉ ትንሽ ይጠብቃሉ።» የዞኑ ነዋሪ አብዛኛው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ በመሆኑ ረቡዕና ዓርብም የፍስክ ምግብ አይጠፋም። ለሚጾም መንገደኛ ጎመኑ በዘይት ይሠራለታል፤ ሲያዙ «የጾም ይሁንልኝ» ማለት ይበቃል።

ጠረጴዛው የጋራ ነው። ከጎን ሾፌርና ረዳቱ፣ ከፊት ለፊት ገበያ የወጣ ገበሬ ወይም የትምህርት ቤት መምህር ይቀመጣል። ቀድሞ የቀረበለት ሰው «እንብላ» ይላል፤ አንድ ጉርሻ መቅመስ ወይም አመስግኖ «ብሉ» ማለት ሁለቱም ወግ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ ጨዋታ የሚጀመረው ከዚህች ቃል ነው። በሆቴል አዳራሽ ለብቻው የሚበላ እንግዳ የሚቀርበት ትልቁ ነገር ይኸው ጨዋታ ነው።

ትሪው ላይ ያለው

ቆጮ የእንሰት ምግብ ነው፤ ጌዴኦዎች ዋሳ ይሉታል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም ፍሬው አይበላም። የሚበላው ግንድ የሚመስለው የቅጠሎቹ እቅፍና ከአፈር በታች ያለው ሥራ ሥሩ፣ አምቾው ነው። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አላምዶ የዘወትር ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይገመታል።

ተክሉ ለመብል እስኪደርስ እንደየአካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ሲደርስ ይነቀላል፤ ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ አምቾው ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበርና ድንጋይ ተጭኖበት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቆጮ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ስለሚቆይ የቤተሰቡ ጎተራ እርሱ ነው። ሲፋቅ የወጣው ጭማቂ እንዲረጋ ሲተው ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። የተረፈው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል፤ ቅጠሉ መጠቅለያም ምንጣፍም የከብት መኖም ነው። ፍቀቱም ጭመቃውም መቅበሩም በዋናነት የሴቶች ሥራ ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል፤ ሙያም ይጠይቃል። ጉድጓዱ መቼ እንደሚከፈት ፋቂዋ የምታውቀው አሽትታና በጣቷ ዳብሳ ነው።

ፈቅደውልዎት ማድ ቤት ቢዘልቁ ቀሪውን በዓይንዎ ያያሉ። ባለቤቷ እርጥቡን ቆጮ በጨርቅ ጠቅልላ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ትጨምቀዋለች። ከዚያ ጣውላ ላይ አድርጋ በቢላዋ ደጋግማ ትከትፈዋለች። የመክተፉ ዓላማ ረጃጅሙን ጭረት መቆራረጥ ነው፤ በዚህ የሰነፈች አብሳይ ቆጮዋ ጥርስ መሐል ይገባል፤ ደንበኛም አይመለስላትም። በጋለ ምጣድ ላይ ኮባ ታነጥፍና ሊጡን በመዳፏ እየደፈጠጠች እኩል ታደርገዋለች፤ በሌላ ኮባ ሸፍና አክምባሎውን ትከድናለች። ቅጠሉ ጠቆር ሲል ትገለብጠዋለች። የበሰለው ቆጮ ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ፣ መሐሉ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ሽታው ኮምጠጥ ያለ ነው፤ የእንጀራ እርሾ የለመደ አፍንጫ አይቸገርበትም።

ጎመኑ ደቆ የተከተፈ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ የታሸ ነው፤ አይብ ካለ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ሚጥሚጣ ወይም ዳጣ በትንሽ ሳህን ይቀርባል። አበላሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቆጮውን ብቻውን ቀምሶ መኮምጠጡን ወይም ለስላሳነቱን ማወቅ፣ ከዚያ ጎመኑን ጠቅልሎ መጉረስ ይሻላል። በቅቤ የራሰው ጎመን የቆጮውን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል፤ ቆጮው ደግሞ ቅቤው እንዳይሰለች ያደርጋል።

መረቁ

ጨለለቅቱ ዝናብና ጉም የማይርቃት አገር ስለሆነች ትኩስ ነገር የሚያሰኝበት ቀን ብዙ ነው። ለዚያን ቀን ቅቅል አለ። አጥንት ያለው ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከእርድ ጋር ቀስ ብሎ ይንተከተካል፤ ሊወጣ ሲል ቃሪያ ይጨመርበታል። መረቁ ይጠጣል፤ ቆጮውም ተቆርሶ ይነከርበታል። ሥጋ ያላሰኘው ሰው ቡላ ማዘዝ ይችላል፦ ዱቄቱ በውሃ ወይም በወተት ተበጥብጦ፣ ያለማቋረጥ ተማስሎ፣ በንጥር ቅቤ የሚሠራ አጥሚት ነው። ለአራስና ከሕመም ላገገመ ሰው የሚሰጠው ይህ ነው፤ ከሌሊት ጉዞ የወረደ መንገደኛም አይጠላውም።

በዓለም ላይ መንገደኛ አገር የሚቀምሰው እንዲህ ካለ ድስት ነው። ሃኖይ የሄደ ሰው ጠዋት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአጥንት መረቅ የሚቀርበውን የሩዝ ፓስታ፣ ፎን፣ ሳይበላ አይመለስም፤ ቶኪዮ የሄደም ለራመን ይሰለፋል። ሲንጋፖር ደግሞ የአነስተኛ ምግብ ሻጮቿ ባህል በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ አድርጋለች። የእነዚያ አገሮች ሰዎች ርካሽና የዘወትር ምግባቸውን ለእንግዳ ለማቅረብ አላፈሩበትም። እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ ቆጮውን ደብቀን ሩዝና ፓስታ የምናስቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ ልማድ ቢቀር እመኛለሁ።

ትሪውና መልክዓ ምድሩ

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባካሄደው ስብሰባ ነው። በመዝገቡ ትክል ድንጋዮቹና በሽማግሌዎች የሚጠበቁት ቅዱሳን ደኖች አሉ፤ የመልክዓ ምድሩ ዋና አካል ግን እርሻው ነው። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ አፈር ያዳብራል፤ እንሰቱ እርጥበት ይይዛል፤ ገደላማው ተዳፋት በዝናብ አይታጠብም። በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው በሚኖርባቸው ቀበሌዎች ሳይቀር ተራራው አረንጓዴ ሆኖ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው።

ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ የኮቸሬ ስምም በውጭ አገር ቡና ቆዪዎች ማሸጊያ ላይ ይነበባል። ገንዘቡ ግን የሚመጣው በመኸር ወቅት ነው፤ ዋጋም ይወርዳል፤ ውርጭና በሽታም አለ። ዓመቱን ሙሉ ቤት የሚያበላው እንሰቱ ነው። እንሰት የተተከለበት ማሳ ላይ ቡናው ብቻ ቢቀር ቤተሰቡ በአንድ መጥፎ ዓመት ይራባል፤ ጥላውና አፈሩም ይጎዳሉ። በዚያ ላይ እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ ብዙ ድካም የሚጠይቀውን ፍቀት ትተው ወደ ከተማ የሚሄዱ ወጣት ሴቶችም አሉ።

ትንሿ ምግብ ቤት የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቆጮ ገበያ ሲኖረው በጓሮ የተደከመበት ሥራ ብር ይሆናል፤ ብሩም የሚገባው ከፋቂዎቹና ከአብሳይዋ እጅ ነው። ተክሉን መንከባከብ የሚያዋጣ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። የቅርስ ምዝገባ ወረቀት ይህን ብቻውን አያደርገውም።

መሄድ ለሚያስብ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ቡናው ተለቅሞ በየማጠቢያ ጣቢያው የሚሰጣበት ወቅት ስለሆነ ከተማው ይሞቃል፤ ምግብ ቤቶቹም ከጠዋት ጀምሮ ይሞላሉ፤ ጥር አካባቢም የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ ይከበራል። ከምሳ በኋላ በጀበና የሚቀዳውን የአገሩን ቡና ሳይጠጡ አይነሡ። ለአብሳይዋም «እጅሽ ይባረክ» ይበሉ፤ ቆጮውን ማን እንደፋቀውም ይጠይቁ። ትክል ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ልናመሰግናቸው አንችልም። እንሰቱን የሚተክሉት፣ የሚፍቁትና የሚጋግሩት ግን አሉ፤ ቤታቸው ገብቶ በልቶ፣ ከፍሎና አመስግኖ መውጣት ለሁላችንም ይቻላል።