በጋራ ስለሚጻፍ ፕሮግራም ባለቤትነት

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ኦፕን ሶርስ የሚባሉትም የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ ጉድለት ያየ ሰው እርማቱን ጽፎ ይልካል። ይህም እርማት «ፓች» ይባላል፤ በተቀደደ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ ማለት ነው። ከጓደኞቼ መካከል እንዲህ ያለ እራፊ ለመላክ የሚያስቡ ስላሉ፥ ሎሚው በአንድ ቅርጫት ከገባ በኋላ የማን እንደሚሆን የተረዳሁትን ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

የቅጂ መብት ሥራው ሲጻፍ አብሮ የሚወለድ ነው፤ ማመልከቻም ማኅተምም አያሻውም። የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚገባቸው ሥራዎች ጋራ ቆጥሮታል። አንዲት ፊደል ማረም መብት አያስገኝም፤ የራሱን ፈጠራ የላከ ሰው ግን በውል ካላስተላለፈው በቀር ባለቤትነቱ ከእጁ አይወጣም። የሰጠው ፈቃድን ነው እንጂ ንብረቱን አይደለም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ኢማክስ ለተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ሰፋ ያለ እራፊ የሚልክ ሰው መብቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በጽሑፍ እንዲያስተላልፍ ይጠየቃል። ባለቤቱ አንድ ሲሆን፥ ፈቃዱን የሚጥስ ቢገኝ በፍርድ ቤት ለመሟገት ይቀላልና።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ መብቱን እንደ ያዘ ይኖራል። በ2003 ኤስ.ሲ.ኦ. የተባለ ኩባንያ «ንብረቴ ያለ ፈቃዴ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» በማለት አይ.ቢ.ኤምን ከሰሰ። ከዚህም የተነሣ በ2004 ላኪው ሁሉ በእራፊው ግርጌ ስሙን እንዲያሰፍር ሥርዐት ወጣ። ፊርማውም፦ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፥ ወይም ለመላክ መብት አለኝ የሚል ምስክርነት ነው።

የባለቤቶች መብዛት ችግር አያጣም። ቪ.ኤል.ሲ. የተባለው የፊልም ማሳያ በ2011 እና በ2012 የዋና ክፍሎቹን ፈቃድ ሲለውጥ፥ ጸሐፊዎቹን እየፈለጉ ማስፈቀድ ግድ ሆኗል። ነገር ግን ይኸው ችግር አጥርም ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ የሁሉን ሎሚ ሊዘጋበት አይችልም። በሞንጎዲቢ ግን ጸሐፊዎቹ አስቀድመው ለኩባንያው ውል ፈርመው ስለ ነበር፥ ኩባንያው በ2018 ፈቃዱን ራሱ ለውጦ አጠበቀው። ስለዚህ ለእኔ የሊኑክስ መንገድ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ! የምትልኩት የራሳችሁን ይሁን፤ በብዙ አገር ሕግ ሠራተኛ በሥራው ላይ የጻፈው የአሠሪው ነውና፥ ነገ ስትቀጠሩም ይህን አትርሱ። ውል ሲቀርብላችሁ ፈቃድ ብቻ እንደሚጠይቅ ወይም ባለቤትነትን እንደሚወስድ አንብባችሁ ለዩ። ከዚያ በኋላ ስማችሁን ሳታፍሩ ጻፉ።