ከአበባው በፊት ቅጠሉ፦ የዕፅዋት ማዕከልና ቢራቢሮዎቹ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በክረምት ሲጎበኝ፣ ቢራቢሮ ለማየት የሚመቸው ደመናው ገለጥ ያለበት ሰዓት ነው። ቢራቢሮ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ፣ ከመብረሩ አስቀድሞ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ፀሐይ ግን ለመብረር እንጂ ለመራባት አትበቃም። አበባ በአበባ ማሩ የሚመግበው ክንፍ ያወጣውን ነው፤ እጩ የሚያድገው ቅጠል በልቶ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከተወሰኑ ዕፅዋት በቀር አይበሉም። ለአብነት፣ በአፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለው ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው በሎሚ፣ በብርቱካንና በዚሁ የዕፅዋት ቤተሰብ በሚመደበው በልምጭ ላይ ነው። ገና የተፈለፈለው እጭ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ከአዳኞቹ ይሰወራል፤ ሲያድግ ደግሞ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል።

ይህ እጭ ለሎሚ ችግኝ አልሚ ተባይ ነው፤ ለዕፅዋት ማዕከል ግን የነገ ቢራቢሮ ነው። በፀረ ተባይ የሚያጠፋው አትክልተኛ፣ አበባው ቢያምርለትም ቢራቢሮውን ያጣል። ስለሆነም ቢራቢሮ የሚፈልግ ማዕከል ከአበባው ጎን ለእጩ የሚሆነውን ዕፅ መትከል፣ የተበላውንም ቅጠል ሳይቆርጥ መተው ይጠበቅበታል።